ወንድሜ የላከልኝ የደመወዝ ሠንጠረዥ፦ ባሕረ ሰላጤ፣ አሜሪካ ወይስ አዲስ አበባ?

ጠያቂ፣ ከፍራንክፈርት

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ 29 ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ በቦይንግ 737 ረዳት አብራሪ ሆኖ ይሠራል፤ 2,900 የበረራ ሰዓት አለው። ሰሞኑን የሙያ ጓደኞቹ እየተቀባበሉ የሚያነቡት የደመወዝ ሠንጠረዥ እጁ ገብቶ እንቅልፍ አጥቷል። በሠንጠረዡ የዱባይ፣ የዶሃ፣ የአውሮፓና የአሜሪካ አየር መንገዶች ወርኃዊ ክፍያ በዶላር ተደርድሯል። አሜሪካ ላለ አዲስ ረዳት አብራሪ የተጻፈው በወር 16 ሺህ ዶላር ነው። የአዲስ አበባው ደግሞ ከታች፣ ለማየት እንኳ በሚያሳፍር ቦታ ተቀምጧል።

የእሱ ሁኔታ እንዲህ ነው። ከባሕረ ሰላጤው የሥራ ጥያቄ ቀርቦለታል። ባለቤቱ የአሜሪካ ዜጋ ስለሆነች የመኖሪያ ፈቃዱም በሂደት ላይ ነው። እናታችን «ካለህበት አትነቃነቅ» ትለዋለች። እኔ ስለ አውሮፕላን የማውቀው ትኬት መቁረጥ ብቻ ነው።

አብራሪ የሆናችሁ ወይም በቤታችሁ አብራሪ ያለ፣ የደመወዝ ወረቀታችሁን ስማችሁን በጥቁር ሸፍናችሁ ብትለጥፉልን እውነቱን አይተን እንወስን ነበር። እንዲያግዛችሁ የእሱን አያይዤዋለሁ።

መልስ፣ ከዳላስ

እኅቴ፣ ሌላውን ከማውራታችን በፊት ያያያዝሽውን የወንድምሽን ወረቀት አንሺው። አሁኑኑ። ጥቁር ያለበሽውን መስመር በስልኬ መርጬ ቀዳሁና ባዶ ገጽ ላይ ለጠፍኩት፤ ሙሉ ስሙ፣ የሠራተኛ መለያ ቁጥሩና የባንክ ሒሳቡ እንዳለ ወጣ። ጥቁሩ በጽሑፉ ላይ ተኛበት እንጂ አላጠፋውም። ወደዚህ ጉዳይ እመለስበታለሁ።

ስለ እኔ በአጭሩ ልንገርሽ። ያደግሁት ቢሾፍቱ ነው፤ አባቴ የአየር ኃይል ቴክኒሻን ነበሩ። አዲስ አበባ ሰባት ዓመት፣ ባሕረ ሰላጤው ዘጠኝ ዓመት በረርሁ፤ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ቴክሳስ ነኝ። ከአውሮፓው በስተቀር የሠንጠረዡን ዓምዶች በየተራ ኖሬባቸዋለሁ።

ያቺ 16 ሺህ ዶላር ከየት እንደመጣች ወዲያው ነው የገባኝ። የሠንጠረዡ ጸሐፊ «በሰዓት 100 ዶላር» የሚል አይቶ፣ በሳምንት 40 ሰዓት እንደሚሠራ የቢሮ ሰው በ160 አባዝቶታል። የአብራሪ ሰዓት እንደዚያ አይቆጠርም። ቆጠራው የሚጀምረው አውሮፕላኑ ለጉዞ ከቆመበት ሲነቃነቅ ነው፤ የሚያበቃውም መድረሻው ላይ ሲቆም ነው። ዩኒፎርም ለብሰሽ ፍተሻ የምታልፊበት፣ አውሮፕላኑን በባትሪ እየዞርሽ የምታዪበት፣ በሁለት በረራ መካከል ወንበር ላይ የምታንጎላጂበት ጊዜ በአብዛኛው የሚያስገኘው ውሎ አበል ነው፤ እሱም በሰዓት ጥቂት ዶላር። ደግሞስ 160 ሰዓት ማን ያበርሻል? የአሜሪካው ደንብ በተከታታይ 28 ቀን ውስጥ ከ100፣ በ365 ቀን ውስጥ ከ1,000 የበረራ ሰዓት በላይ አይፈቅድም።

ውሉ ላይ የሚጻፈው የወር ዋስትና ነው። ብትበሪም ባትበሪም ኩባንያው የሚከፍልሽ ዝቅተኛ ሰዓት ማለት ነው፤ በብዙ ቦታ 70 ወይም 75 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ስለዚህ 100 ዶላር በ75 ሲባዛ 7,500 ነው። ከዚያ የፌዴራል ግብር፣ 6.2 በመቶ የሶሻል ሴኩሪቲ፣ 1.45 በመቶ የሜዲኬር፣ የቤተሰብ የጤና መድን ይቀነሳል። ቴክሳስ የክፍለ ግዛት የገቢ ግብር ስለሌለባት እኔ ትንሽ ተርፎኛል፤ ካሊፎርኒያ የሚኖረው ባልንጀራዬ ይህን ሲሰማ አይወድም።

እንዲህ ስል የአሜሪካው ክፍያ ትንሽ ነው እያልኩ አይደለም። የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮው በግንቦት 2024 ያወጣው የአየር መንገድ አብራሪዎች የዓመት መካከለኛ ደመወዝ 226,600 ዶላር ነው። ግማሹ ከዚህ በላይ፣ ግማሹ ከዚህ በታች ያገኛል ማለት ነው። ግን በዚያ ቁጥር ውስጥ ሰፊውን አውሮፕላን ይዞ ውቅያኖስ የሚያቋርጥ የ25 ዓመት ካፒቴንም አለ። ወንድምሽ ሲገባ የሚቆመው ከሰልፉ ጭራ ነው።

ጭራው ደግሞ እንደ ዘመኑ ነው። በየካቲት 2009 ቡፋሎ አጠገብ የወደቀው፣ ኮልጋን የተባለ አነስተኛ አየር መንገድ አውሮፕላን 50 ሰው ሲፈጅ፣ በምርመራው የረዳት አብራሪዋ ደመወዝ በዓመት 16 ሺህ ዶላር ገደማ እንደነበር በአደባባይ ተነገረ። ለዚያች ምሽት በረራ ስትል ከሲያትል ሌሊቱን በጭነት አውሮፕላን ተሳፍራ መጥታ ነበር። ከዚያ አደጋ በኋላ ነው 1,500 የበረራ ሰዓት ያልሞላ ሰው በአየር መንገድ ረዳት አብራሪ እንዳይሆን የሚያደርገው ደንብ የወጣው፤ ለዩኒቨርሲቲ ምሩቃንና ለቀድሞ ወታደሮች የተወሰነ ቅናሽ አለው። በኮሮና ጊዜ ብዙ ካፒቴኖች አስቀድመው ጡረታ ሲወጡ እጥረት ተፈጠረ። በሰኔ 2022 ኤንቮይና ፒድሞንት የተባሉት፣ በአሜሪካን ኤርላይንስ ሥር ያሉ አነስተኛ አየር መንገዶች የአዲስ ረዳት አብራሪ ክፍያ በሰዓት 90 ዶላር አደረጉት። በ2023 መጀመሪያ ዴልታ በአራት ዓመት ውስጥ 34 በመቶ የሚደርስ ጭማሪ ፈረመ፤ አሜሪካንና ዩናይትድም በዚያው ዓመት ተከተሉ። በ2008 ወይም በ2018 የተሠራ ሠንጠረዥ ዛሬ ለማንም አይረባም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ይህን የሚጽፍ ሠንጠረዥ እስካሁን አላየሁም። አሜሪካ ውስጥ የአብራሪ ሀብቱ የቅድምና ቁጥሩ ነው። የተቀጠርሽበት ቀን ቁጥር ይሰጥሻል፤ የምትበሪው የአውሮፕላን ዓይነት፣ የምትነሺበት ከተማ፣ የገና ዕረፍትሽ፣ ካፒቴን የምትሆኚበት ዓመት፣ ሁሉም በዚያ ቁጥር ይወሰናል። ችግር ሲመጣ የሚሰናበተውም ከታች ወደ ላይ ነው። ይህ ቁጥር ከአንድ አየር መንገድ ወደ ሌላው አይሻገርም። እኔ እዚህ ስመጣ 43 ዓመቴ ነበር፤ ከ11 ሺህ በላይ ሰዓት በርሬ፣ ሰፊ አውሮፕላን ላይ ካፒቴን ነበርሁ። የተሰጠኝ ባለ 76 መቀመጫ ጄት ላይ የቀኝ ወንበር፣ የረዳት አብራሪው ማለት ነው፣ ነበር። በግራ የተቀመጠው ካፒቴን በ14 ዓመት ያንሰኝ ነበር፤ የመጀመሪያ ቀን «ከዚህ በፊት በረዶ ላይ አርፈህ ታውቃለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። የመጀመሪያውን ክረምት በተጠባባቂነት አሳለፍሁ። የጥምቀት ቀን ቻርሎት ውስጥ ሆቴል አልጋ ላይ ስልኬን ደረቴ ላይ አስቀምጬ ተኛሁ፤ አልደወሉም።

ወንድምሽ ግን 29 ዓመቱ ነው። የጡረታው ጣሪያ 65 ስለሆነ 36 ዓመት ከፊቱ አለ። እኔ የነበሩኝ 22 ነበሩ። ከደመወዝ ይልቅ ይህን ልዩነት ያስላ። ዛሬ በወር ሁለት ሺህ ዶላር ይበልጣል ብሎ አምስት ዓመት ሌላ ቦታ ቢቆይ፣ የሚያጣው ከመጨረሻው አምስት ዓመት፣ ከካፒቴንነቱ ላይ ነው። በዚያ ላይ ትላልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች ሠራተኛው ሳያዋጣ ከደመወዙ በላይ 16 በመቶና ከዚያ በላይ ለጡረታ ሒሳቡ ያስገቡለታል፤ እሱም የሚሰላው ከደመወዙ ነው።

ከአቡ ዳቢ

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ባሕረ ሰላጤውን ዝም ብለው አለፉት። የእኔ ባለቤት ካፒቴን ነው፤ ሦስት ልጆች አሉን። ቤት ከኩባንያው ነው፤ ግብር የለም፤ የልጆቹን ትምህርት ቤት ይከፍላል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ለሁላችንም ትኬት አለ። እዚህ ያለ ጥሩ ትምህርት ቤት በዓመት ስንት እንደሚያስከፍል የሚያውቅ ሰው በደመወዝ ሠንጠረዥ ላይ ያንን ይጨምራል። ዳላስ ላለ ሰው የቤት ብድርና የጤና መድን አለ፤ ለእኛ የለም። እውነት ለመናገር በስምንት ዓመት ውስጥ ሐዋሳ ቤት ሠርተናል፣ የእናቴን ሕክምና ከፍለናል። ይህን ከአሜሪካ የመጀመሪያ አምስት ዓመት ደመወዝ ማን ያደርገው ነበር?

ግን አንድ ነገር ልጨምር። የትምህርቱ ገንዘብ በእጃችን አይገባም፤ ለትምህርት ቤቱ ነው የሚሄደው፤ ጣሪያም አለው። ትልቋ ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ስትገባ እንደሚቆም የገባን አሥራ አንደኛ ክፍል ስትደርስ ነው። ያኔ ደነገጥን።

መልስ፣ ከዳላስ

እኅቴ፣ ትክክል ነሽ። እኔም የቢሾፍቱውን የእናቴን ቤት ያደስሁት በባሕረ ሰላጤ ገንዘብ ነው፤ ያንን መካድ ውለታ ቢስነት ይሆንብኛል። ትናንሽ ልጆች ላለው ሰው፣ በተለይ ለመጀመሪያዎቹ ሰባትና ስምንት ዓመታት፣ የባሕረ ሰላጤው ያሸንፋል።

እኔ የምለው የሚነጻጸረው ነገር ይለይ ነው። «45 ሺህ ድርሃም» ሲባል በውስጡ መሠረታዊ ደመወዝ፣ የቤት አበል፣ የትራንስፖርት፣ የበረራ ሰዓት ክፍያ ተደባልቋል። ሰው ሲለቅ የሚሰላለት የአገልግሎት ካሳ ግን ከመሠረታዊው ብቻ ነው። በአገሪቱ፣ በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በዓመት የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ በዓመት የ30 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ ነው፤ ጠቅላላው ከሁለት ዓመት ደመወዝ አይበልጥም። እንበልና ከ45 ሺሁ ውስጥ መሠረታዊው 20 ሺህ ነው። አምስት ዓመት ሠርቶ ሲወጣ የ105 ቀን፣ ማለትም 70 ሺህ ድርሃም ያገኛል፤ ድርሃም ለዶላር በ3.6725 የታሰረ ስለሆነ 19 ሺህ ዶላር ገደማ። በሙሉው 45 ሺህ ያሰበ ሰው ግን 157,500 ድርሃም ይጠብቃል። አንድ ወዳጄ በዚህ ስሌት አዲስ አበባ አፓርታማ ቀብድ ከፍሎ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው፤ ያውም ለአብራሪ።

ሌላው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ከሥራው ጋር የታሰረ ነው። በ2020 ኮሮና ሲመጣ የባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች ብዙ አብራሪ አሰናበቱ። እኔ የነበርሁበት ሕንፃ ውስጥ በአንድ ወር አሥራ አንድ ቤት ለቀቀ፤ ሊፍቱ ሁልጊዜ በካርቶን የተሞላ ነበር። አሜሪካም በዚያው ዓመት አሰናብቷል፤ የተሰናበተው ግን ከነቁጥሩ ቆይቶ በቁጥሩ ተጠራ፤ አገሩንም አልለቀቀም።

ለፍራንክፈርቷ እኅቴ አንድ ነገር ልጨምር። ወንድምሽ ግሪን ካርዱን ይዞ ባሕረ ሰላጤ ቢሠራ «ግብር የለም» የሚለው ነገር ለእሱ ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪ ዓለም ላይ በየትም ያገኘውን ገቢ ለአሜሪካ ማሳወቅ አለበት። በውጭ አገር ለተገኘ ደመወዝ የሚፈቀደው ቅናሽ በ2025 እስከ 130 ሺህ ዶላር ነው፤ ነገር ግን በዓለም አቀፍ ባሕር ላይ የተበረረው ሰዓት በውጭ አገር እንደተሠራ አይቆጠርም። ውጭ ባንክ ያለው ገንዘብ በድምሩ ከ10 ሺህ ዶላር ካለፈም ለብቻው ማሳወቅ አለበት። ለረጅም ጊዜ ውጭ መኖር ፈቃዱንም አደጋ ላይ ይጥላል። ሁለቱን ወንበር በአንድ ጊዜ እይዛለሁ ካለ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን።

የአዲስ አበባው ቁጥርም አላግባብ ተዋርዷል። ሠንጠረዡ የተሠራው መቼ ነው? ብር በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ሐምሌ 2024) ነው፤ ከዚያ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ከዚያ በፊት በብር የተጻፈ ደመወዝ ከዚያ በኋላ በነበረ ምንዛሪ ከተካፈለ ምን እንደሚመስል አስቢው። አበሉ በውጭ ምንዛሪ የሚታሰብ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ስሌት ነው።

ከለንደን

ሰውን ደመወዝህ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ነውር አይደለም እንዴ? አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ስንት እንደሚያገኙ እናቴ አታውቅም ነበር። አሁን በፎቶ ይለጠፍ ይባላል። የሰው ወርቅ አያደምቅ።

መልስ፣ ከዳላስ

ወንድሜ፣ ነውሩ የጠቀመው አሠሪን ነው። እኔ ባሕረ ሰላጤ ስገባ ከጎኔ ያለው የሌላ አገር ሰው በምን ደረጃ እንደተቀጠረ ባለመጠየቄ አንድ ዓመት ሙሉ ከእሱ በታች ተከፍሎኛል። የአዲስ አበባው አገልግሎቴ እንዲቆጠር መጠየቅ እንደምችል አላውቅም ነበር። ስለዚህ ቁጥር እንነጋገር። ወረቀት ግን አንለዋወጥ። እነዚህ ሁለት ነገሮች ናቸው።

አሜሪካ ውስጥ ወረቀትም አያስፈልግም። የአብራሪዎች ክፍያ በማኅበሩና በኩባንያው መካከል በተፈረመ ውል ላይ በዓመት፣ በወንበርና በአውሮፕላን ዓይነት ተደርድሮ የተጻፈ ነው፤ የአምስተኛ ዓመት ረዳት አብራሪ ሁሉ በዚያ አውሮፕላን ላይ የሰዓት ዋጋው አንድ ነው። እዚያ ምስጢር የለም። አውሮፓም የኅብረት ስምምነት ባለበት ተመሳሳይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የደመወዝ ግልጽነት መመሪያም ሠራተኛ ደመወዙን እንዳይናገር መከልከልን ይቃወማል፤ ለሥራ የሚያመለክት ሰውም የደመወዙን መጠን አስቀድሞ የማወቅ መብት ይሰጠዋል። አባል አገሮች በሕጋቸው እንዲያካትቱት የተሰጣቸው ቀነ ገደብ ሰኔ 2026 ነው።

ባሕረ ሰላጤው ግን ሌላ ዓለም ነው። በሥራ ምክንያት እጅ የገባ ምስጢራዊ መረጃን በኢንተርኔት ማሰራጨት ከሥራ ማባረር ብቻ ሳይሆን በወንጀልም ያስጠይቃል፤ ኤምሬትስ በ2021 ያወጣችው የሳይበር ወንጀል ሕግ ይህን በግልጽ ይዟል። እዚያ ያላችሁ እባካችሁ «የኔን እነሆ» አትበሉ። አብሮኝ የነበረ አንድ ልጅ የደመወዝ ወረቀቱን ስሙን በመቀስ ቆርጦ ፎቶ አነሳና ላከ። በጥንቃቄ የሠራ መስሎት ነበር። ታች በትንሽ ፊደል የተጻፈችው መስመር ግን ቀርታለች፦ የተቀጠረበት ቀን፣ የአውሮፕላኑ ዓይነት፣ የቀረው የዓመት ዕረፍት 17 ቀን ተኩል። በዚያ ቀን ተቀጥሮ በዚያ አውሮፕላን 17 ቀን ተኩል የቀረው ሰው አንድ ብቻ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ተጠራ። ካፒቴን ለመሆን የነበረው ተራ በአንድ ዓመት ተገፋ። ስም ስለጠፋ ሰው አይጠፋም።

ጥቁር ቀለምማ የታወቁ ሰዎችንም አዋርዷል። በ2009 የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት የአየር ማረፊያ ፍተሻ መመሪያውን ኢንተርኔት ላይ ሲያወጣ ምስጢሩን በጥቁር ሳጥን ሸፍኖት ነበር፤ አንባቢዎች መርጠው ቀድተው ሌላ ቦታ ሲለጥፉት ሁሉም ወጣ። ልክ እኔ የወንድምሽን እንዳወጣሁት። በ2020 ደግሞ የቀድሞው የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ አቦት የመሳፈሪያ ወረቀታቸውን ፎቶ ለጠፉ፤ አንድ ሰው በዚያ ላይ ባለው የቦታ ማስያዣ ቁጥር ገብቶ የፓስፖርት ቁጥራቸውንና ስልካቸውን አገኘ። የአብራሪ ፈቃድ ፎቶ ከዚያ የከፋ ነው፤ ስም፣ የልደት ቀን፣ ቁጥርና ፊርማ በአንድ ገጽ ላይ አሉ።

የሚጋራ ነገር ካለ እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ወረቀቱን አላነሳም፤ ቁጥሩን በባዶ ገጽ ላይ እንደገና እጽፋለሁ፤ ወደ ቅርቡ መቶ አጠጋጋዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱን እጽፋለሁ፤ የተቀጠርሁበትን ወር አልጽፍም። መሠረታዊው ስንት፣ ዋስትናው ስንት ሰዓት፣ አበሉ ስንት፣ የተጣራው ስንት የሚለውን ለየብቻ አደርጋለሁ፤ ተደባልቆ የመጣ ቁጥር ሰው ያሳስታል። የበረራ መርሐ ግብር በፍጹም አልክም፤ የሌሎች ሰዎች ስም፣ የሚያድሩበት ሆቴል፣ የሚነሱበት ሰዓት አለበት። የኩባንያው የአሠራር መጽሐፍም ያው ነው፤ ያ የእኔ ሀብት አይደለም።

ደግሞ «ሥራ አለ፣ የፓስፖርትና የፈቃድ ቅጂ፣ ከ300 ዶላር ጋር ላክ» የሚል መልእክት እንደ ዝናብ ነው የሚወርደው። ሥራ የሚሰጥ አየር መንገድ የማመልከቻ ገንዘብ በግለሰብ ስም አይቀበልም።

ጠያቂ፣ ከፍራንክፈርት

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀቱን አንስቻለሁ፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ወንድሜ ይህን ሁሉ አንብቦ «ታዲያ አሜሪካ ብሄድ የኢትዮጵያ ፈቃዴን ይቀበሉኛል ወይስ ከዜሮ ነው የምጀምረው?» ይላል። አውሮፓስ አይቻልም? እኔ አጠገቤ ቢመጣ ደስ ይለኝ ነበር። ደግሞ ላሠለጠነው አየር መንገድ ሊያገለግል የፈረመው የሥልጠና ውል ሁለት ዓመት ይቀረዋል።

መልስ፣ ከዳላስ

አውሮፓ ለመብረር የአውሮፓ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ 13ቱን የንድፈ ሐሳብ ፈተናዎች መውሰድ አለበት፤ የመሥራት መብትም ያስፈልጋል። ለአንቺ ናፍቆት ሲል ይህን ሁሉ ፈተና ይቀመጥ አልልም።

አሜሪካ ከዜሮ አያስጀምሩትም። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አባል አገር የተሰጠ የንግድ አብራሪ ፈቃድ ከመሣሪያ በረራ ፈቃድ ጋር (ውጭውን ሳያዩ በመለኪያዎች እየተመሩ የመብረር ፈቃድ ማለት ነው) ካለው፣ የአየር መንገድ አብራሪነቱን ፈተና ለመቀመጥ መሠረት ይሆነዋል። ፈቃዱ ለሁለት አብራሪ አውሮፕላን ብቻ በሚሰጠው ሥልጠና የተገኘ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ያንን ይጠይቅ። ከጽሑፍ ፈተናው በፊት 30 ሰዓት ትምህርትና 10 ሰዓት የሲሙሌተር (መሬት ላይ ያለ የበረራ ማስመሰያ) ልምምድ ያለበት ኮርስ ግዴታ ነው፤ ከዚያ የተግባር ፈተና ይከተላል። ፈቃዱ እውነተኛ መሆኑን የአሜሪካው ባለሥልጣን ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ያጣራል፤ የማረጋገጫ ደብዳቤው የሚያገለግለው ለስድስት ወር ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ አውጥቶ እንዳይቃጠልበት። የውጭ ዜጋ ሆኖ ለሚሠለጥን ሰው የደኅንነት ምርመራም ሊኖር ስለሚችል ቀኑን ሲቆርጥ ይህን ይቁጠር።

የሥልጠና ውሉን በተመለከተ ጥሎ መሄድን አልመክርም፤ ዋስ የፈረመው ማን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። የቀረውን ዕዳ መጠን በጽሑፍ ጠይቆ ይያዝ። የሁለቱ ዓመት ዋጋ ከታወቀ፣ ከቅድምና ቁጥሩ ሁለት ዓመት መዘግየት ጋር ማመዛዘን ይቻላል። እኔ ብሆን የመኖሪያ ፈቃዱ እስኪያልቅ ካለሁበት ሳልለቅ እበር ነበር። የባሕረ ሰላጤውን ጥያቄ አልቀበልም ነበር፤ ግሪን ካርድ ባይኖር ኖሮ ግን ነገ እሄድ ነበር።

እስከዚያ አንድ ሥራ ይሥራ። የመጀመሪያውን የበረራ መዝገብ ደብተሩን፣ ያንን በእስክሪብቶ የተሞላውን፣ ገጽ በገጽ ያስገልብጥና እየተደመረ በትምህርት ቤቱ ማኅተም ያስመታው። እኔ ይህን ሳላደርግ ነው የወጣሁት። የእኔ ደብተር ሻንጣ ውስጥ የማር ማሰሮ ተሰብሮበት፣ እናቴ ለዘመድ የላከችው ማር፣ ሁለት ገጽ ተጣብቆ ነበር። በእንፋሎት ሳላቅቀው ቀለሙ አብሮ ተነሳ። አሜሪካ ላይ መርማሪው ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳና አየው፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና 38 ሰዓቱን ከድምሩ ቀነሰ። እኔ ብዙ ሰዓት ስለነበረኝ አልጎዳኝም። ደብተሩ እስከ ዛሬ ማር ማር ይሸታል።